91ኛው ንጥረ ነገር ከ90ኛው ለምን ቀለለ?

ጥያቄው የአንድ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ አሳጥሬ ላስፍረው። «በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ላይ የ90ኛው ንጥረ ነገር፣ የቶሪየም፣ አቶማዊ ክብደት 232.04 ነው። ቀጥሎ ያለው 91ኛው፣ ፕሮታክቲኒየም፣ ግን 231.04 ተብሎ ተጽፏል። ተማሪዎቼ የኅትመት ስሕተት ነው ብለው ተከራከሩኝ፤ እኔም የሚያሳምን መልስ አልነበረኝም። ለመሆኑ ይህ ምን ዓይነት ብረት ነው? የመማሪያ መጻሕፍት ስሙን ጠርተው ያልፉታል። ጥቅም የለውም ማለት ነው? ሰው በእጁ ቢይዘውስ ምን ይሆናል?»

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስሕተት የለም፤ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ተማሪዎችዎ ግን ጣታቸውን ያሳረፉት ጥሩ ቦታ ላይ ነው፤ ያች የአንድ አሃድ ጉድለት የዚህን ብረት ታሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ትናገራለች። ብርቅነቱም፣ አደገኛነቱም፣ ያለው ጥቂት ጥቅምም የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፦ ፕሮታክቲኒየም በምድር ላይ የራሱ ጥንታዊ ክምችት የለውም። በተፈጥሮ ያለው ሁሉ ከዩራኒየም የተወለደ ነው፤ ተወልዶም ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ያልፋል።

የንጥረ ነገሮችን ቅደም ተከተል የሚወስነው በኒውክሊየሳቸው ውስጥ ያለው የፕሮቶን ብዛት እንጂ ክብደታቸው አይደለም። ይህን በ1913 በኤክስሬይ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አቶማዊ ክብደት ግን ንጥረ ነገሩ በተፈጥሮ ከሚገኝባቸው ኢሶቶፖች (ፕሮቶናቸው እኩል፣ የኒውትሮናቸው ብዛት የተለያየ አተሞች) የሚወጣ አማካይ ስለሆነ አልፎ አልፎ ሰልፉን ያፋልሳል። አርጎን 39.95፣ ቀጣዩ ፖታሲየም 39.10፤ ኮባልት 58.93፣ ቀጣዩ ኒኬል 58.69፤ ቴሉሪየም 127.60፣ ቀጣዩ አዮዲን 126.90 ነው። በተፈጥሮ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች መካከል ቶሪየምና ፕሮታክቲኒየም አራተኛው ጥንድ ናቸው። በሦስቱ ጥንዶች ምክንያቱ የኢሶቶፖቹ ስብጥር ነው። በአራተኛው ግን ምክንያቱ ዕድሜ ነው።

ቶሪየም-232 ግማሽ ዕድሜው (ከአተሞቹ ግማሹ ወደ ሌላ የሚለወጥበት ጊዜ) 14 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ምድር ስትፈጠር ከነበረው ቶሪየም ከአምስት እጅ አራቱ ዛሬም አለ። ዩራኒየም-238 ግማሽ ዕድሜው 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስለሆነ ግማሹ ተርፏል። ዩራኒየም-235፣ ማለትም የኑክሌር ማብላያዎች ነዳጅ፣ 704 ሚሊዮን ዓመት ነው ግማሽ ዕድሜው፤ ከመነሻው የተረፈው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ፕሮታክቲኒየም ዘንድ ሲደርሱ ግን መሰላሉ ይሰበራል። ከኢሶቶፖቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ፕሮታክቲኒየም-231 ሲሆን ግማሽ ዕድሜው 32,700 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ለሰው ልጅ ታሪክ ይህ ረጅም ነው፤ ለምድር ግን ቅጽበት ነው። በአንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን አተሞች አንድ እንኳ አይተርፍም። ምድር ደግሞ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል።

ታዲያ ዛሬ ያለው ከየት መጣ? ከዩራኒየም-235። ይህ ኒውክሊየስ የአልፋ ቅንጣት (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን) ሲተፋ አራት አሃድ ይቀንስና ቶሪየም-231 ይሆናል። ቶሪየም-231 ከአንድ ቀን እምብዛም በማይበልጥ ግማሽ ዕድሜ ቤታ ቅንጣት (ፈጣን ኤሌክትሮን) ይለቅና ፕሮታክቲኒየም-231 ይሆናል። 235 ሲቀነስ 4፣ 231። የሠንጠረዡ ምሥጢር ይኸው ነው። ቶሪየም የሚመዘነው ከጥንት በቀረው ከባድ ኢሶቶፑ ነው፤ ፕሮታክቲኒየም ግን የሚመዘነው ዩራኒየም በወለደው ልጅ ነው። የራሱ ከባድ ጥንታዊ ኢሶቶፕ ቢኖረው ኖሮ ክብደቱ ከቶሪየም በበለጠ ነበር።

ልጁም አይቆይም። ፕሮታክቲኒየም-231 በተራው አልፋ ለቆ አክቲኒየም-227 ይሆናል፤ ከዚያም በቶሪየም፣ በራዲየም፣ በራዶን፣ በፖሎኒየም በኩል ወርዶ ወርዶ መጨረሻ ላይ የማይናወጥ እርሳስ-207 ላይ ያርፋል። ስለዚህ ባልተነካ የዩራኒየም ድንጋይ ውስጥ የፕሮታክቲኒየም መጠን ከሥሩ ቀዳዳ ባለው እንስራ ውስጥ እንደሚቆም ውሃ ነው፦ ከላይ የሚንቆረቆረውና ከታች የሚወርደው ሲተካከሉ ውሃው አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። የሚረጋበትን ቦታ ለማወቅ የሁለቱን ግማሽ ዕድሜዎች ማካፈል ይበቃል። 32,700ን ለ704 ሚሊዮን፣ ውጤቱን በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ ባለው የ235 ድርሻ (0.72 በመቶ) ያባዙት። አንድ ቶን ዩራኒየም የያዘ ማዕድን አንድ ሦስተኛ ግራም ፕሮታክቲኒየም ይዟል ማለት ነው። በተራ የመሬት ቅርፊት ድንጋይ ከሄድን ደግሞ በአንድ ሚሊዮን ቶን ውስጥ አንድ ግራም ያህል ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ጽሑፎች «ብርቅ ነው» ብለው የሚያልፉት ነገር አለ። ያንኑ ስሌት ለራዲየም ብንሠራ በአንድ ቶን ዩራኒየም ውስጥ 0.34 ግራም ይመጣል። ይህ ከፕሮታክቲኒየም ጋር ሊለይ የማይችል መጠን ነው። ማሪ ኩሪ ግን በ1902 የራዲየም ክሎራይድን አንድ አሥረኛ ግራም ያህል ለይታ አቶማዊ ክብደቱን መዝናለች፤ በ1910 ደግሞ ከአንድሬ ደቢየርን ጋር ብረቱን አወጣች። ራዲየም በሐኪም ቤትና በሰዓት ፋብሪካ ሲዘዋወር ፕሮታክቲኒየምን በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ብርቅነቱ የመጠን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የባሕርይ ጉዳይ ነው።

ራዲየም ባሕርዩ ከባሪየም ጋር ስለሚመሳሰል ባሪየምን ተከትሎ ይወርዳል፤ ባሪየምን የያዘ ሰው ራዲየሙን አብሮ ይይዛል። ፕሮታክቲኒየም እንዲህ ያለ ታማኝ ጓደኛ የለውም። በውሃ ሙሙት ውስጥ የሚወደው የኦክሳይድ ደረጃ +5 ነው፤ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ሙል ያለው አዮን ደግሞ ከውሃ ጋር ወዲያው ይያያዝና ወደማይሟሟ ብናኝ ይለወጣል። ብናኙ በብልቃጡ ግድግዳ፣ በማጣሪያ ወረቀቱ፣ በሲሊካው፣ ባገኘው ሁሉ ላይ ይለጠፋል። ጠዋት በሙሙቱ ውስጥ የነበረው ማታ መስታወቱ ላይ ይገኛል። አደብ የሚያስገዛው ፍሎራይድ ነው፤ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ ከፍሎራይድ ጋር ጠንካራ ውስብስብ አዮን ሠርቶ ጸጥ ይላል። ይህ አሲድ ደግሞ መስታወትን የሚበላ፣ በቆዳ በኩል እስከ አጥንት የሚዘልቅ ክፉ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሥራው በፕላስቲክ ዕቃ ይሠራል። በእኔ ግምት ከአክቲናይዶች (ከአክቲኒየም ጀምሮ ከተሰለፉት ከባድ ብረቶች) ሁሉ በቤተ ሙከራ ውስጥ ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይህ ነው፤ ፕሉቶኒየም እንኳ ከእርሱ ይልቅ ጨዋ ነው።

የተገኘበትም መንገድ ይህንኑ ባሕርይ ይመስላል። ሜንዴሌቭ በ1871 በቶሪየምና በዩራኒየም መካከል፣ ከታንታለም ሥር፣ ያልታወቀ ንጥረ ነገር እንዳለ ቦታ ትቶለት ነበር። በ1913 ካዚሚር ፋያንስና ኦስቫልድ ጎህሪንግ በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ከዩራኒየም-238 የትውልድ ሰንሰለት ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ከደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ጨረራ አመንጪ አገኙ፤ ከዕድሜው ማጠር የተነሣ «ብሬቪየም» አሉት። ቦታው የ91 ነበር። ነገር ግን ተገኘ ሲባል የጠፋ ነገር ነውና ሊመዘንም ሊጠናም አልቻለም።

ሌላው ዱካ አክቲኒየም ነበር። አክቲኒየም በ1899 ከታወቀ ጀምሮ አንድ እንቆቅልሽ ይዞ ነበር፦ ዕድሜው በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ሆኖ ሳለ በጥንታዊ ድንጋይ ውስጥ እንዴት ይገኛል? አንድ ረጅም ዕድሜ ያለው ወላጅ ያለማቋረጥ ሊተካው ይገባል። በበርሊን ሊዘ ሜይትነርና ኦቶ ሃን ይህን ወላጅ ሲፈልጉ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ሃን ወደ ጦሩ ተጠራ፤ ሜይትነርም ለኦስትሪያ ጦር የኤክስሬይ ነርስ ሆና ካገለገለች በኋላ ወደ ቤተ ሙከራዋ ተመለሰች። አብዛኛውን ሥራ የሠራችው ባዶ በቀረ ተቋም ውስጥ ነው። መነሻዋ ፒችብሌንድ የተባለው የዩራኒየም ማዕድን በናይትሪክ አሲድ ሲታጠብ ሳይሟሟ የሚቀረው ሲሊካማ ዝቃጭ ነበር፤ ሌላው ሰው የሚጥለው ማለት ነው። የሚለጠፈው ብረት የተሸሸገው እዚያ ነበረ። ዝቃጩን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ፈትታ፣ ታንታለምን ተሸካሚ አድርጋ አወጣችው። ግኝቱ በ1918 በሁለቱም ስም ታተመ፤ የሃን ስም ቀደመ። በብሪታንያም ፍሬደሪክ ሶዲና ጆን ክራንስተን በራሳቸው መንገድ እዚያው ደርሰው ነበር። መጀመሪያ የተሰጠው ስም ፕሮቶአክቲኒየም ሲሆን በ1949 አሁን ወደምንጠራው አጠረ።

ስለዚህ ንጥረ ነገር አንድ ተጨማሪ ክብር ልጥቀስ፤ ብዙም አይነገርለትም። ሃን በ1921 የብሬቪየምን መንትያ አገኘ፦ ያው 91 ፕሮቶን፣ ያው 143 ኒውትሮን፣ ያው ክብደት ያለው ፕሮታክቲኒየም-234፣ ግን ግማሽ ዕድሜው 6.7 ሰዓት። ሁለቱ የሚለያዩት በኒውክሊየሱ ውስጥ ባለው የጉልበት ደረጃ ብቻ ነው። ኒውክሊየስ ራሱ ከአንድ በላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ሁኔታ ሊኖረው እንደሚችል የታወቀው በዚህ ነው። ዛሬ በሆስፒታሎች ለምርመራ የሚውለው ቴክኒሺየም-99ኤም የዚህ ዓይነት ኒውክሊየስ ነው።

ሊመዘን የሚችል ውህድ የተገኘው በ1927 ነው፤ አሪስቲድ ፎን ግሮሴ 2 ሚሊግራም ኦክሳይድ አጣራ። በ1934 ደግሞ ብረቱን አወጣ፦ የፕሮታክቲኒየም አዮዳይድን በጋለ ሽቦ ላይ ሲያሳልፈው አዮዲኑ ይተናል፣ ብረቱ ሽቦው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ በሚሊግራም የሚቆጠር ነበር። ነገሩን የለወጠው የእንግሊዝ የአቶሚክ ኃይል ባለሥልጣን ነው። ከ1959 እስከ 1961 ባለው ጊዜ ከ60 ቶን የዩራኒየም ፋብሪካ ዝቃጭ በ12 ደረጃ አጣርቶ 125 ግራም ያህል፣ 99.9 በመቶ ንጹሕ ፕሮታክቲኒየም አወጣ። ወጪው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህች አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አትሞላም። ለአሥርት ዓመታት የዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የተካፈሉት ግን ከእርሷ ነው፤ ስለ ብረቱ የማውቀውን እና ከዚህ በታች የምነግርዎትን አብዛኛውን ያወቅነው በእርሷ ቁራሾች ነው።

እና ብረቱ ምን ይመስላል? ብርማ ግራጫ፣ ሲቆረጥ የሚያብረቀርቅ፣ በተራ አየር ውስጥ ውበቱን ለጥቂት ጊዜ የሚጠብቅና ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ነው። እፍግታው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 15.4 ግራም ነው፤ እርሳስ 11.3 መሆኑን ያስቡ። የሚቀልጠው ከ1,560 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። እጅግ ሲቀዘቅዝ፣ ከ1.4 ኬልቪን በታች፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን ሙሉ በሙሉ ያጣል። በጨለማ አያበራም፤ አዲስ የተጣራ አንድ ግራም ከዋት አንድ ሺህኛ ተኩል ያህል ሙቀት ብቻ ስለሚሰጥ በእጅ የሚታወቅ ሙቀትም የለውም።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ለክፍል ውይይት የምመርጠው እፍግታውን ነው። ቶሪየም 11.7፣ ፕሮታክቲኒየም 15.4፣ ዩራኒየም 19.1። በሦስት ተከታታይ ንጥረ ነገሮች መካከል አቶማዊ ክብደቱ ከሦስት በመቶ በታች ብቻ ሲጨምር እፍግታው ከስድሳ በመቶ በላይ ይዘልላል። አተሞቹ ተቀራርበዋል ማለት ነው። የሚያቀራርባቸው 5ኤፍ የሚባሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ቶሪየም ውስጥ እነዚህ ኤሌክትሮኖች የሉም ማለት ይቻላል፤ ፕሮታክቲኒየም ውስጥ ግን ሁለት አሉ፤ ተሸሽገው አይቀመጡም፣ አተም ከአተም ጋር በሚያያዝበት ሥራ ይሳተፋሉ። ብረቱ በተራ ሙቀት ላይ የሚደረደርበት ቅርጽ እንኳ፣ ኩብ ሆኖ በአንድ አቅጣጫ የታመቀ፣ የዚህ ውጤት ነው። ቶሪየም ዘንድ ንጹሕ ኩብ ነው።

ይህ የቆየ ክርክርንም ይፈታል። ሜንዴሌቭ ከታንታለም ሥር ማስቀመጡ በውሃ ውስጥ ያለውን ባሕርይ ላየ ሰው ትክክል ነበር፤ +5 ሆኖ፣ ፍሎራይድ ወዶ፣ እንደ ኒዮቢየምና ታንታለም ይሠራል። ግሌን ሲቦርግ በ1940ዎቹ አጋማሽ የአክቲናይዶችን ረድፍ ከዋናው ሠንጠረዥ ሲያወጣና ከላንታናይዶች ሥር ሲያኖር 91ን ይዞት ወረደ፤ ብረቱን ላየ ሰው እርሱም ትክክል ነው። ፕሮታክቲኒየም አንድ እግሩን በእያንዳንዱ ሰፈር ያኖራል። ለተማሪዎች «አክቲናይድ ነው» ብሎ ማስተማር በቂ ነው፤ ፈተና ላይም ሌላ አይጻፍ። ውህዶቹ ግን ደስ የሚሉ ቀለሞች አሏቸው፦ ኦክሳይዱ ነጭ፣ ክሎራይዱ ቢጫ፣ አዮዳይዱ ጥቁር።

አሁን ወደ እጅ ጥያቄው። አንድ ግራም ፕሮታክቲኒየም-231 በእያንዳንዱ ሰከንድ 1.75 ቢሊዮን አተሞቹ ይፈነዳሉ፤ ይህ ከፕሉቶኒየም-239 ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። የሚለቀው አልፋ ስለሆነ የሞተው የቆዳ ሽፋን ያቆመዋል፤ በሚገባ የታሸገ ቁራጭ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ መቆም ሰውን አይገድልም። ጥፋቱ የሚጀምረው ብናኙ በትንፋሽ ወይም በምግብ ሲገባ ነው። በአጥንትና በጉበት ተቀምጦ፣ በሕይወት ያለ ሕዋስን ያለ ምንም መከላከያ ከቅርብ ይመታል፤ በሰው ዕድሜ ውስጥም አያልቅም። ስለዚህ የሚሠራበት ሰው አየሩ በሚሳብ የታሸገ ሳጥን ውስጥ በጓንት ይሠራል፤ እጁ ከብረቱ ጋር አይገናኝም።

ሌላም ያልተለመደ ነገር አለው። ብዙ ጨረራ አመንጪዎች እያረጁ ሲሄዱ ይደክማሉ፤ የተጣራ ፕሮታክቲኒየም ግን ሲቀመጥ ይብሳል። በውስጡ የሚወለደው አክቲኒየም-227 እና የእርሱ ልጆች በአሥርት ዓመታት ውስጥ እየተጠራቀሙ የራሳቸውን አልፋ፣ ቤታና ጋማ ይጨምራሉ። ዛሬ በደኅና የተያዘ ናሙና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያለ ዳግም ማጣራትና ያለ ተጨማሪ መከለያ አይከፈትም። ይህን ሁሉ ስል ግን በየድንጋዩ ያለው ኢምንት መጠን ማንንም እንዳያስፈራ፤ ከእርሱ ይልቅ በቤት ውስጥ የሚጠራቀም ራዶን ብዙ እጥፍ ያሳስበኛል።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ በፋብሪካ የሚሠራበት ነገር የለም። አይኖርምም ብዬ አምናለሁ። ዋናው አገልግሎቱ ሳይነካ፣ ባለበት ሆኖ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ለእኔ ከፋብሪካ ጥቅም ይበልጣል።

በባሕር ውሃ ውስጥ በሊትር 3 ማይክሮግራም ያህል ዩራኒየም አለ፤ በዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ መጠኑ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ዩራኒየም-234 ቶሪየም-230ን ይወልዳል፤ ዩራኒየም-235 ፕሮታክቲኒየም-231ን ይወልዳል። ዩራኒየሙ ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱ ልጆች የሚወለዱበት ምጣኔም ሁሉ ቦታ አንድ ነው፦ በጨረራ መጠን ሲለካ ፕሮታክቲኒየሙ የቶሪየሙ 0.093 ነው። ሁለቱም በውሃ ውስጥ መቆየት አይወዱም፣ በሚወርድ ብናኝ ላይ ተለጥፈው ወደ ባሕሩ ወለል ይሰምጣሉ። ነገር ግን ቶሪየሙ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ይወርዳል፤ ፕሮታክቲኒየሙ ከመቶ ዓመት በላይ ይንሳፈፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የጥልቁ ውሃ የሚጓዝ ከሆነ ይዞት ይሄዳል። በሰሜን አትላንቲክ ቀዝቅዞ የሚሰምጠው ውሃ ወደ ደቡብ ሲፈስስ ፕሮታክቲኒየሙን ይወስዳል፣ ቶሪየሙን ግን ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ በወለሉ ደለል ውስጥ ምጣኔው ከ0.093 በታች ከሆነ ዝውውሩ ብርቱ ነበር ማለት ነው፤ ወደ 0.093 ከተጠጋ ውሃው ቆሞ ነበር ማለት ነው።

በ2004 ጄሪ ማክማነስና ባልደረቦቹ በቤርሙዳ አጠገብ ከባሕር ወለል የወጣ የደለል ዓምድ ለክተው ያሳተሙት ውጤት ከ17,500 ዓመት በፊት ገደማ ምጣኔው እስከዚያ ቁጥር ድረስ መውጣቱን አሳየ። የበረዶ ተራሮች ከሰሜን አሜሪካ ተገንጥለው አትላንቲክን የሞሉበት፣ ሃይንሪክ 1 የሚባለው ወቅት ነው፤ የቀለጠው ጨዋማ ያልሆነ ውሃ የውቅያኖሱን ዝውውር ሊያቆመው ተቃርቦ ነበር። ይህ ልኬት ያለ ተቃዋሚ አልቀረም፤ ፕሮታክቲኒየም ዲያቶም የሚባሉት ደቂቅ ዕፅዋት በሚሠሩት የሲሊካ ቅርፊት ላይ ከሌላው ይልቅ ስለሚለጠፍ፣ ዲያቶም በበዛበት ቦታ ምጣኔው ያለ ውሃ ዝውውር ለውጥም ከፍ ሊል ይችላል። ተቃውሞው ትክክለኛ ነው፤ ለዚህ ነው አሁን ተመራማሪዎች ከአንድ ቦታ ይልቅ ብዙ ቦታዎችን አንድ ላይ የሚለኩት። ዝውውሩ በዚያ ወቅት መዳከሙን ግን ሌሎችም ምልክቶች ይደግፋሉ።

ተማሪዎችዎ ሊወዱት የሚችሉት ክፍል እዚህ ጋ ይገባል። የጣና ሐይቅ ወለል በድምፅ ሞገድ ሲጠናና ደለሉ ሲቆፈር ከሥሩ የደረቀ፣ የጠነከረ መሬት ተገኝቷል። በ2007 የታተመው የሄንሪ ላምብና የባልደረቦቹ ጥናት እንደሚለው ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ መካከሉ ጥልቀት የሌለው ውሃና ደንገል የበቀለበት ረግረግ ሆነ፤ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ14,750 ዓመት በፊት ገደማ ነው። የቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቋል። የሰሜን አትላንቲክ ሙቀት ማጓጓዝ ሲዳከም የሐሩር ክልል ዝናብ ተፈናቀለ፤ የእኛም ክረምት ከሸፈ። ከ91ኛው ንጥረ ነገር የተነበበው የአትላንቲክ ዝምታና የጣና መድረቅ የአንድ ዘመን ሁለት ገጾች ናቸው።

ሌላኛው መድረክ የቶሪየም ማብላያ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ስለሚጻፍ አሳጥረዋለሁ። ቶሪየም-232 ኒውትሮን ሲውጥ ነዳጅ አይሆንም፤ ነዳጅ የሚሆነው ዩራኒየም-233 ነው። በመካከላቸው የግድ ፕሮታክቲኒየም-233 አለ፤ ግማሽ ዕድሜው 27 ቀን። በእነዚህ ሳምንታት ማብላያው ውስጥ ከቆየ ሌላ ኒውትሮን ሊውጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኒውትሮኑም ይባክናል፣ ነዳጅ ሊሆን የነበረውም አተም ይጠፋል። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ በቀለጠ የፍሎራይድ ጨው ላይ የሚሠራ ማብላያ ሲነድፉ ፕሮታክቲኒየሙን ከጨው እየለዩ ውጭ ለማቆየት ያሰቡት ለዚህ ነው። ችግሩ ውጭ የቆየው ፕሮታክቲኒየም ንጹሕ ዩራኒየም-233 ይሆናል፤ ያ ደግሞ ለጦር መሣሪያ የሚበቃ ነው። «ቶሪየም ቦምብ አይሆንም» የሚለውን አባባል የሚያፈርሰው ይህ ብረት ነው። ከፍተኛ የቶሪየም ክምችት ያላት ሕንድ በዕቅዷ ውስጥ ይህን የ27 ቀን መቆያ ማስላት አለባት፤ ሌላ መንገድ የለም።

ለክፍልዎ ምን ማድረግ ይቻላል? በብሪታንያ ትምህርት ቤቶች የታወቀ አንድ ሙከራ አለ። በታሸገ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ የዩራኒየም ጨው በአሲድ ተሟሙቶ ከላዩ ከውሃ የማይቀላቀል ፈሳሽ ተንሳፏል። ሲናወጥ የፋያንስ ብሬቪየም ወደ ላይኛው ፈሳሽ ይወጣል፤ ወላጁ ቶሪየም ከታች ይቀራል። የጋይገር ቆጣሪ ከላዩ ሲደገን ቆጠራው በየ70 ሰከንዱ በግማሽ ሲወርድ ተማሪው በዓይኑ ያያል። ጠርሙሱ ተዘጋጅቶ ካልመጣና የጨረራ ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ ከሌለ በትምህርት ቤት ለማዘጋጀት እንዳይሞክሩ አደራ፤ አሲዱ ብቻውን ይበቃል።

በወረቀት ላይ ግን ምንም ፈቃድ አያስፈልግም። ይህን ይስጧቸው፦ በ1961 የተጠናቀቀው 125 ግራም ፕሮታክቲኒየም ከስንት ቶን ዩራኒየም ጋር አብሮ የኖረ ነው? ከላይ ያለውን 0.33 ግራም በቶን ይዘው ከሠሩ 380 ቶን አካባቢ ይመጣል። ያ ሁሉ ዩራኒየም ቀድሞ ተወስዶ ነበር፤ 60 ቶኑ ከእርሱ የቀረው ዝቃጭ ነው። «በአንድ ቶን ዝቃጭ 2 ግራም፣ በአንድ ቶን ዩራኒየም ደግሞ 0.33 ግራም እንዴት ይሆናል?» ብሎ የሚነሣ ተማሪ ካለ፣ መልሱን ከሜይትነር ሲሊካማ ዝቃጭ ታሪክ ራሱ እንዲያወጣው ይተዉት።